ሌሊት አብሯቸው ማን ይደር? የአንዲት እናት የአሲስትድ ሊቪንግ ጉዳይ

እናትየው 78 ዓመታቸው ነው። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከትንሿ ልጃቸው ጋር ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ይኖሩ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ መጋቢት 9 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ በሩ ላይ ወደቁ። ልጅቷ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበረች። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስትመለስ ወለሉ ላይ አገኘቻቸው። አጥንታቸው አልተሰበረም። ግን ብርድ መቷቸዋል፣ ንግግራቸውም ይምታታል። የአምቡላንስ ሰዎች ስኳራቸውን ሲለኩት 52 ነበር። ከ70 በታች ሲሆን ዝቅ ብሏል ይባላል።

ሆስፒታል ሁለት ሌሊት አደሩ። በማግስቱ የማስታወስ ፈተና ተሰጣቸውና ከ30 ነጥብ 14 አመጡ። መውጫ ወረቀታቸው ላይ የመርሳት በሽታ ሳይኖርባቸው እንደማይቀር፣ ብቻቸውን ማደር እንደሌለባቸው፣ አሲስትድ ሊቪንግ (አረጋውያን እየታገዙ የሚኖሩበት ቤት) ቢታሰብበት እንደሚሻል ተጻፈ።

ልጆቹ የደወሉልኝ ያን ወረቀት ይዘው ነው። እኔ ነርስ ነኝ። ሥራዬ አንድ አረጋዊ ምን ያህል እርዳታ እንደሚያስፈልገው መገምገም ነው። ይህን የምጽፈው እናትየውም ልጆቹም ፈቅደውልኝ ነው። ማንነታቸውን የሚያጋልጥ ነገር አላነሳም።

ጥያቄያቸው «እማዬ ትግባ ወይስ አትግባ?» የሚል ነበር። እኔ ነገሩን ከዚያ አልጀምረውም። ቀንና ሌሊቱን ሰዓት በሰዓት ከፍቼ ነው የማየው። ሰው የሚያስፈልጋቸው መቼ ነው? ለምን ጉዳይ? በዚያ ሰዓት አጠገባቸው ሰው አለ ወይ? ዕድሜ ብቻውን መልስ አይሆንም። የበሽታ ስምም፣ የፈተና ነጥብም እንደዚያው። በዚህ ቤት ጉዳዩን የወሰነው ሌሊቱ ነው። እዚያ ለመድረስ ግን ወራት ወስዷል።

ቤተሰቡ

ሦስት ልጆች አሉ። ታላቁ ወንድ ነው፤ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ይኖራል፣ ኡበር ይነዳል። ትንሿ የነርስ ረዳት ናት፤ በሳምንት አምስት ሌሊት ትሠራለች። መካከለኛዋ አዲስ አበባ ናት።

መጀመሪያ የተሰበሰብን ዕለት ታላቁ ፊቱን አጥቁሮ ነበር። «እኛን ያሳደገች እናት እንዴት ሰው ቤት ትጣላለች? አገር ቤት ቢሰማ ምን ይባላል?» አለ። እህቱ ብዙ አልተከራከረችውም። «አንተ እሁድ እሁድ ነው የምታያት» ብቻ አለችው። አዲስ አበባ ያለችው ደግሞ በስልክ «ወደዚህ ላኳት፣ ሠራተኛ እንቀጥርላታለን» ትላለች። እናትየው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። እሳቸውን የጠየቃቸው የለም።

የታላቁን ልጅ ስሜት አላቃልለውም። በእኛ አገር የአረጋውያን ማዕከል ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ጧሪ ቀባሪ የሌለውን ነው። መቄዶንያን የመሰለ ማዕከል ከጎዳና ላይ ያነሳቸውን ሰዎች እያሰበ ነው የሚያዝነው። ስለዚህ ልጅ ያለው ሰው እዚያ ገባ ማለት ልጆቹ ካዱት ማለት ይመስለዋል።

አሲስትድ ሊቪንግ ግን ሌላ ዓይነት ቤት ነው። ሰውየው የራሱ ክፍል አለው፣ ኪራይ ይከፍላል፣ ሲፈልግ ይወጣል ይገባል። ምግብ፣ መድኃኒት፣ ገላ መታጠብና ልብስ መልበስ ላይ የሚያግዘው ሰው አለ። ከነርሲንግ ሆምም ይለያል። ነርሲንግ ሆም የነርስ ክትትል ሳይቋረጥ ለሚያስፈልገው ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ጠበቅ ያለ የፌዴራል ሕግ ወጥቶለታል። አሲስትድ ሊቪንግን የሚቆጣጠረው እያንዳንዱ ስቴት ነው። ስለዚህ ቨርጂኒያ ያለ ዘመድ የነገራችሁ ሕግ ሜሪላንድ ላይ ላይሠራ ይችላል።

አዲስ አበባ መመለሱንም በቁም ነገር አየነው። ሶሻል ሴኩሪቲያቸው (የጡረታ ገንዘባቸው) እዚያም ይከተላቸዋል። ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) ግን በአጠቃላይ ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። ደግሞም ልጅ የሚያሳድጉ ልጆቻቸውን ለማገዝ ብለው ከመጡ 22 ዓመታቸው ነው። የሚያውቁት ሰፈር፣ የሚያውቁት ጎረቤት አሁን የለም። ይህን ያነሱት ራሳቸው ናቸው።

ያ 14 ነጥብ

መጀመሪያ ያሳሰበኝ የፈተናው ነጥብ ነው። ፈተናው የተሰጠው በስልክ አስተርጓሚ ነው። ቀኑ ስንት ነው ሲባሉ «መጋቢት 10፣ 2017» ብለዋል። አስተርጓሚው ቃል በቃል ማርች 10፣ 2017 ብሎ አቀበለው። ያን ዕለት በፈረንጅ አቆጣጠር ማርች 19፣ 2025 ነበር። ቀኑም ዓመቱም ተሳሳቱ ተብሎ ተቆጠረ። በእኛ አቆጣጠር ግን ልክ ናቸው። የሰዓት ሥዕሉም እንዲሁ ነው። ሰዓት ስለው አሥራ አንድ ከአሥር እንዲያሳዩ ነበር የተፈለገው። አስተርጓሚው ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይሮ «አምስት ሰዓት ከአሥር» አላቸው። አጭሩን እጅ አምስት ላይ አደረጉት። ያም ዜሮ።

በዚያ ላይ ስኳራቸው ወርዶ ከተነሳ አንድ ቀን አልሞላውም። እንቅልፍም አልተኙም። እንዲህ ባለ ሁኔታ የተወሰደ ነጥብ የአንድን ሰው ቀሪ ሕይወት ሊወስን አይገባም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤታቸው ሄጄ ሩዳስ የሚባለውን ፈተና ሰጠኋቸው። አውስትራሊያ ውስጥ፣ ከብዙ አገር ለመጡና ብዙ ላልተማሩ አረጋውያን ተብሎ የተዘጋጀ ነው። አስታውሱ ከተባሉት አራት የገበያ ዕቃዎች ሦስቱን አስታወሱ፤ የጠፋቸው ሳሙናው ነው። በአንድ ደቂቃ የእንስሳት ስም ጥሩ ሲባሉ ከበሬ ጀምረው እስከ ጅብ ድረስ ዘረገፏቸው። ኩቡን (ሳጥን መሰል ቅርጹን) መሳል አልቻሉም። ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ዳዊት ይደግማሉ፣ ኩብ ግን ስለው አያውቁም። መብራት የሌለበት፣ መኪና የሚበዛበት መንገድ እንዴት እንደሚሻገሩ ስጠይቃቸው «ለምን ብቻዬን እሻገራለሁ? ሰው ጠብቄ ነው እንጂ» አሉኝ። ሰው ባይመጣስ? ብዬ ስገፋቸው «ግራ ቀኝ አይቼ» አሉ። በድምሩ 24 አመጡ። በዚህ ፈተና አጠራጣሪ የሚባለው 22 እና ከዚያ በታች ነው።

24 ማለት ምንም የለም ማለት አይደለም። ለነርቭ ሐኪም ቀጠሮ አስያዝን፣ ቢ12 እና የታይሮይድ ምርመራም ተደረገ። ነገር ግን እኚህ ሴት የራሳቸውን ኑሮ መወሰን የሚችሉ ናቸው። የሚነገራቸው ይገባቸዋል፣ ለሳቸው ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል፣ ያመዛዝናሉ፣ ምርጫቸውን ይናገራሉ። ይህ ከተረጋገጠ በኋላ «እናስገባት ወይስ አናስገባት» የልጆች ጥያቄ መሆኑ ያበቃል። ወሳኟ እሳቸው ናቸው።

ቤት ውስጥ ያየሁት

ስለ ምግብ ማብሰል በወረቀት ከመጠየቅ ቡና እንዲያፈሉልኝ ለመንኳቸው። ቡና ማፍላት ብዙ ነገር አለው። መልቀም፣ ማጠብ፣ ሳያሳርሩ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ጀበናው እንዳይገነፍል መጠበቅ፣ በመሃል እንግዳ ማጫወት። መስኮት ከፍተው ነው የጀመሩት፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ። ቅደም ተከተሉ አንድም አልተዛባባቸውም። ጀበናውን ካወረዱ በኋላ ግን ምድጃው እንደበራ ቀረ። ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ትንሽ ቆይተው ዞር ሲሉ አዩትና «ውይ፣ ይኼን!» ብለው አጠፉት። መዘንጋት ማንም ይዘነጋል። ራሳቸው አይተው ማስተካከላቸው ነው ለእኔ ትልቁ ነገር።

ሰውነታቸው ግን ሌላ ታሪክ ይናገራል። ከበርጩማው ሲነሱ ጠረጴዛውን በሁለት እጅ ይዘው ነው። ጉልበታቸው አርጅቷል። ከወንበር ተነስተው፣ ሦስት ሜትር ሄደው፣ ተመልሰው እስኪቀመጡ 19 ሰከንድ ፈጀባቸው። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ የሚፈጅበት ሰው የመውደቅ ስጋት አለበት ተብሎ ይታያል።

ገላ ስለመታጠብ ስጠይቃቸው «እንዴ፣ ታጥቤ የለ!» አሉኝ። መታጠቢያ ቤቱን ሳየው ገንዳው ውስጥ ያለው ሳሙና ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከእጅ መታጠቢያው ሥር ደግሞ ሰማያዊ ሳፋ አለ፤ ዳሩ ላይ የደረቀ አረፋ አለው። የገንዳውን ግድግዳ ተሻግረው መግባት ስለሚፈሩ በሳፋ ነው የሚታጠቡት። ልጅቷ አታውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ሁሉም ቤት አለ። አረጋውያን የሚደብቁት ለተንኮል አይደለም። እርዳታ መጠየቅ የሚጀምሩ ቀን ነጻነታቸው የሚያበቃ ስለሚመስላቸው ነው።

ከዚያ መድኃኒቱ መጣ። ብልቃጦቹ ሁሉ በአንድ ፌስታል ታጭቀዋል። አንዱ ግሊፒዛይድ ነው። ይህ የስኳር ኪኒን ሰው በላም አልበላም ስኳር ያወርዳል። በቀን ሁለቴ ይወስዱታል። በጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። ማታ ደግሞ ሆዴ አልጠየቀኝም ብለው ሻይ ብቻ ጠጥተው፣ ኪኒኑን ውጠው ይተኛሉ። የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸውን የሚያሳየው ምርመራ 6.3 በመቶ ነበር። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ መድኃኒት፣ ይህ ቁጥር ሊያስደስት አይገባም። ሌሊት ሌሊት ሲወርድባቸው እንደነበር ይጠቁማል።

ፌስታሉ ሥር አንድ ተጨማሪ ነገር አገኘሁ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ የእንቅልፍ ኪኒን ነው፤ ጎረቤት ነው የሰጠቻቸው። ውስጡ ያለው ዳይፈንሃይድራሚን ነው። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር በሚያወጣው የቢርስ ዝርዝር ላይ አረጋውያን እንዲርቁት ከሚመከሩት አንዱ ይኸው ነው። ያደናግራል፣ ያንገዳግዳል። ሆስፒታል ይህን አላወቀም፤ መድኃኒት ዘርዝሩ ሲባሉ ይሄ መድኃኒት አልመሰላቸውምና።

አስቡት እንግዲህ። ስኳር ወርዷል፣ የእንቅልፍ ኪኒን አለ፣ ጉልበት የለም፣ ሽንት ሦስቴ ያስነሳል፣ ኮሪደሩ ጨለማ ነው። ሰውም የለም።

መጀመሪያ ቤት ይሞከር

ለሐኪማቸው ጻፍኩ። ግሊፒዛይዱ ቆመ፣ ሜትፎርሚኑ ቀጠለ። የእንቅልፍ ኪኒኑ ተጣለ። የንስሐ አባታቸው መጥተው አነጋገሯቸው፤ ከፍስክ ይጠበቁ፣ ጠዋት ግን ይብሉ አሏቸው። እኔ ስለው «ተይኝ ልጄ» ያሉኝን ነገር አባ ሲናገሩት ወዲያው ተቀበሉ። በጾመኛ ቤተሰብ የስኳር መድኃኒት ጉዳይ ያለ ንስሐ አባት አይፈታም። ሥራዬ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ነው።

ገንዳው ላይ መሻገሪያ ወንበር ተደረገ፣ ግድግዳው ላይ መያዣ ተገጠመ፣ ኮሪደሩ ላይ መብራት ተተከለ፣ አልጋው አጠገብ የሌሊት መቀመጫ ሽንት ቤት ቆመ። ልጅቷ በሳምንት ሁለቴ ገላቸውን ታጥባቸዋለች። በሳምንት ሁለት ቀን አማርኛ የሚናገሩ አረጋውያን የሚሰበሰቡበት የቀን መዋያ ጀመሩ። ቀኑ ተስተካከለ። በአንድ ወር ውስጥ ግራ መጋባቱ ጠፋ። «የመርሳት በሽታ» የተባለው አብዛኛው የስኳርና የኪኒን ጉዳይ ነበር።

ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ያቆማል። ለብዙዎችም ይበቃል። እዚህ ግን ሌሊቱ አልተነካም።

ልጅቷ ወደ ቀን ፈረቃ ብትዞር የሌሊቱ ጭማሪ ይቀርባታል፤ የቤቱን ክፍያ የሚሞላው እሱ ነው። ለሌሊት ሰው መቅጠርን አሰላን። እ.ኤ.አ. በ2024 በአገር አቀፍ ደረጃ የቤት ውስጥ ረዳት መካከለኛ ዋጋ በሰዓት 33 ዶላር ነበር። አሥር ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ሌሊት፣ በወር ከ7,000 ዶላር ይበልጣል። መንግሥት እንዲከፍል ደግሞ ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ያስፈልጋል። እናትየው ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ለዓመታት ሠርተው በወር 1,050 ዶላር ሶሻል ሴኩሪቲ ያገኛሉ። ኤስኤስአይ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያን መንግሥት የሚሰጠው ድጎማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ለአንድ ሰው ጣሪያው በወር 967 ዶላር ነበር። ኤስኤስአይ ቢያገኙ ሜዲኬይዱ አብሮ ይመጣ ነበር። በዚያች ትንሽ ልዩነት አለፋቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው፣ በሠሩት ምክንያት ማጣት። ይህ ያናድደኛል።

ሜዲኬር ለማገገሚያ እንኳ አልከፈለም። ከሆስፒታል በኋላ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ለማገገም ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ቀን በተኝቶ ታካሚነት መመዝገብ አለባቸው። እሳቸው ያደሩት ሁለት ሌሊት ብቻ ነው፤ እሱም የተመዘገበው ኦብዘርቬሽን (ክትትል) በሚባለው ነው። አልጋው ያው አልጋ ነው፤ በወረቀት ግን አልተኙም። ሰው ሆስፒታል ሲገባ «አድሚት ተደርጓል ወይስ ኦብዘርቬሽን ነው?» ብላችሁ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ።

ታላቁ ልጅ ያኔ «እኔ አድራለሁ» አለ። አደረም። ሦስት ሳምንት ያህል ከአሌክሳንድሪያ እየተመላለሰ ሶፋ ላይ ተኛ። እናቱ በሌሊት ሦስት አራቴ ሲነሱ ያየው ያኔ ነው። አንድ ጊዜ የሌሊት መቀመጫው ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ስተውት ግድግዳውን ተደግፈው ቀሩ፤ ደርሶ ያዛቸው። አንድ ጠዋት ደግሞ መኪና ውስጥ መሪው ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ሲል ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ በኋላ ስለ አገር ቤት ሰው ወሬ አላነሳም። የደወለልኝም እሱ ራሱ ነው።

እናትየው ሲጠየቁ

ልጆቹ በሌሉበት ቁጭ አልን። «እማማ፣ እርስዎ ምንድን ነው የሚፈልጉት?» አልኳቸው። ብዙ ዝም አሉ።

«መውደቁን አይደለም የፈራሁት የኔ ልጅ» አሉኝ። «ሌሊቱን ሠርታ ደክሟት ስትገባ ሞቼ እንዳታገኘኝ ነው። ያችን ጠዋት ፊቷን አይቼዋለሁ። ሁለተኛ አላሳያትም።»

ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም? አልኩ።

«እሄዳለሁ ብል ልጄ፣ እናቴ ጠላችኝ ብላ ታስባለች። አልሄድም ብል እየገደልኳት ነው። ምን ልበል?»

ስለ ቤቱ ዓይነት፣ ስለ ክፍያው፣ ስለሚቀርባቸው ነገር በደንብ ነገርኳቸው። ሌሊት ነቅቶ የሚያድር ሰው ካለ እሞክረዋለሁ አሉ። ቅድመ ሁኔታም አስቀመጡ። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ብቻ። እሁድ ቅዳሴ መቅረት የለም። በጾም የጾም ምግብ። ሥዕለ ማርያም ክፍላቸው ውስጥ። ልጃቸው ቤት ያለው አልጋቸው አይነሳ። አዲስ አበባ ላለችው ልጅ የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው እንዳይደውልላት።

ይገባሉ ወይ? የቱ ቤትስ?

እሳቸው ፈለጉ ማለት ቤቱ ይቀበላቸዋል ማለት አይደለም። የሜሪላንድ ደንብ አሲስትድ ሊቪንግ በአጠቃላይ የማይቀበላቸውን ሰዎች ይዘረዝራል። አልፎ አልፎ ከሚሰጥ በላይ የነርስ እንክብካቤ የሚፈልግ፣ ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ የደረሰ የመኝታ ቁስል ያለበት፣ በመተንፈሻ መሣሪያ የሚኖር፣ ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው አደገኛ የሆነ። እሳቸው ከእነዚህ አንዱም የለባቸውም። ከመግባታቸው በፊት ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ሐኪም አይቶ የሚሞላው ቅጽ አለ፤ ከነርስ ግምገማ ጋር ተደምሮ የእርዳታ ደረጃ ይወጣል። ደረጃው ሦስት ነው፤ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ። መካከለኛ ወጣላቸው። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ሞልስት የሚባለው ቅጽም ያስፈልጋል። ሞልስት ልብ ቢቆም ምን ይደረግ የሚለውን የሚመልስ የሐኪም ትእዛዝ ነው። ልጆቹ ይህን ወረቀት ሲያዩ ደነገጡ። እናትየው አልደነገጡም፤ ያለቀለት ሰው ደረት እንዳይደቅቅ ብለው አስሞሉ።

ሦስት ቤት አየን። አንደኛው ትልቅ ሕንፃ ነው፤ አዳራሹ ያምራል፣ ፒያኖ አለው። አማርኛ የሚናገር ሰው ግን አንድም የለም። እናትየው ወንበሮቹን አይተው «እዚህ ማንን አጫውታለሁ?» አሉ። ዋጋውም በወር ከ5,900 ዶላር ይበልጣል፤ ይህ በ2024 የአገር አቀፉ መካከለኛ ዋጋ ነበር።

ሌሎቹ ሁለቱ በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ያሉ ተራ ቤቶች ናቸው። በሜሪላንድ እንዲህ ያሉ ጥቂት ሰው የሚይዙ ፈቃድ ያላቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ሁለተኛው ቤት የሐበሻ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ሽሮው ይሸታል፣ ታላቁ ልጅ ወዲያው ወደደው። ሌሊት ማን አለ? ብዬ ጠየቅሁ። «ሠራተኛዋ ምድር ቤት ነው የምትተኛው፤ ደወል አለ» አሉኝ። ደወል የሚደውለው የነቃና ያሰበበት ሰው ነው። እናትየው ደግሞ ደውለው ሰው ከሚቀሰቅሱ ወድቀው ቢያድሩ ይመርጣሉ። እኔ በዚህ ላይ አልደራደርም። የሚነሳ አረጋዊ ላለው ቤተሰብ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ይሄ ነው፤ የሌሊቱ ሠራተኛ ነቅቶ ነው የሚያድረው ወይስ ይተኛል? በሜሪላንድ ግምገማው አስፈላጊነቱን ካሳየ ነቅቶ የሚያድር ሠራተኛ መኖር አለበት። ቤቱ ግን በሐኪም ወይም በነርስ ማስረጃ ሊያስቀረው ይችላል። ስለዚህ በቃል «አለ» ሲሏችሁ ውሉ ላይ ይጻፍ በሉ። ቤቱንም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ሂዱና እዩት። የቀኑ ጉብኝት የሚያሳያችሁ የቀኑን ሠራተኛ ነው።

ሦስተኛው ቤት ስድስት ሰው ይይዛል። ባለቤቷ ሐበሻ አይደለችም። የሌሊቷ ሠራተኛ ግን አማርኛ ትናገራለች፣ ነቅታ ታድራለች፣ በየሁለት ሰዓቱ ትዞራለች። የቅርብ ጊዜውን የስቴት ፍተሻ ሪፖርት ስንጠይቅ ሳያጉረመርሙ አወጡት። አንድ የመድኃኒት አመዘጋገብ ጉድለት ተጽፎበታል፤ እንዴት እንዳረሙትም አለ። ሪፖርቱ ባዶ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አላምናቸውም ነበር። ዋጋው በወር 4,200 ዶላር።

እዚያ የሞከሩበት ሁለት ሳምንት አለቀና እናትየው «ልጆቼ ይምጡ» አሉ። ፈረሙ።

አሁን ያለው ሁኔታ

ሌሊት ሲነሱ ሰው አለ። ከገቡ በኋላ አንዴ ተንሸራተዋል፤ ሠራተኛዋ ክንዳቸውን ይዛ ስለነበር ቀስ ብለው አልጋው ላይ ተቀመጡ። መድኃኒታቸውን በነርስ ኃላፊነት ሥር የሠለጠነ ሰው ይሰጣቸዋል፣ ነርሷም በየ45 ቀኑ መጥታ ታያቸዋለች። ልጅቷ ጠዋት ከሥራ ስትወጣ መንገዷ ላይ ነው፤ ቁርስ አብራቸው ትበላለች፣ ከዚያ ቤቷ ሄዳ ትተኛለች።

ሁሉም ግን አልተመቻቸውም። ከሰዓት በኋላው ይረዝምባቸዋል፤ አብረዋቸው ከሚኖሩት አማርኛ የሚያውቅ የለም። የቀን መዋያውን ወደ ሦስት ቀን ያሳደግነው ለዚህ ነው። ምግቡ ላይ ቅሬታ ነበራቸው። ልጃቸው በርበሬና ሽሮ ይዛላቸው መጣች፤ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥ ቤት ገብተው ራሳቸው ይሠራሉ፣ ሠራተኛዋ ምድጃው አጠገብ ሆና። አዲስ አበባ ያለችው ልጅ ለጥቂት ሳምንታት ስልክ አላነሳችም ነበር። አሁን በቪዲዮ ክፍላቸውን አይታዋለች።

ግምገማው በሦስት ምክንያት እንደገና እንዲደረግ ከቤቱ ጋር ተስማምተናል። ኢንሱሊን ከተጀመረ፣ ከአልጋ ለማንሳት ሁለት ሰው ካስፈለገ፣ ወይም ሌሊት ከቤት ለመውጣት ከሞከሩ። በተለይ ሦስተኛው ከመጣ የነርቭ ሐኪሙ የሚከታተለው ነገር ተለውጧል ማለት ነው፣ ቤቱም ላይበቃቸው ይችላል።

ያልተፈታው ገንዘቡ ነው። ሜዲኬር ለአሲስትድ ሊቪንግ ኪራይና ምግብ አይከፍልም። 1,050ው ከሶሻል ሴኩሪቲያቸው ይወጣል፣ ቀሪውን 3,150 ሁለቱ ልጆች ይካፈሉታል፤ አዲስ አበባ ያለችው የምትችለውን ትልካለች። በሜሪላንድ የአሲስትድ ሊቪንግ አገልግሎት ሊከፍል የሚችል የሜዲኬይድ ዌይቨር (ልዩ ፕሮግራም) አለ፤ የገቢ ጣሪያው የኤስኤስአይ ሦስት እጥፍ ስለሆነ በ1,050 አይከለከሉም። የተጠባባቂው መዝገብ ግን ረጅም ነው። ባስመዘገብናቸው ዕለት ልጆቹ ቁጭ ብለው አሰሉ። በዚህ አያያዝ ሁለት ዓመት ይዘልቃሉ። ከዚያ በፊት ተራው ከደረሰ ደህና። ካልደረሰ ታላቁ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ሊዛወርና እናቱን ከእህቱ ጋር ሌሊት እየተፈራረቁ ሊይዙ ተነጋግረዋል። መታጠቢያ ቤቱ ላይ የተተከሉት መያዣዎችም አልተነቀሉም።